ዊንቹ ይቆየንና አካፋ ግዙ!

እኔ የምለው… ቦሌ መንገድ ላይ ጭቃ አለ እንዴ? የምሬን ነው የምጠይቀው። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አንዲት ማኪያቶ እስክጨርስ አምስት ዊንች ቆጠርኩ። አምስት! ፓራውልቱ ላይ እንደ ወርቅ ጥርስ የተተከለ ዊንች፣ ጣሪያው ላይ የታሰረ ብርቱካናማ የጭቃ መውጫ ሰሌዳ፣ ከኮፈኑ ጎን ሽቅብ የተቀሰረ የአየር መሳቢያ ቱቦ… ከባለመኪኖቹ አንዱ ወርዶ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቢኖር ጎማው የረገጣትን ትንሽ ኩሬ በቅሬታ ማየትና በሶፍት በሩን መጥረግ ነው። የዊንቹ ገመድ ከካርቶኑ እንደወጣ ነው። አንድም ቀን አልተፈታም።

በሰው ገንዘብ አልቀናም። ያምጣው፣ ይግጠመው፣ ይሽቀርቀርበት። ነገሩ የከነከነኝ ይህ ፋሽን ከቦሌ ተነስቶ ዳንግላ ሲደርስ ነው።

አጎቴ ዳንግላ ናቸው። አንዲት አሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር አለቻቸው (አዎ፣ ያቺው እኛ ከተሜዎች «አል ቃይዳ» ብለን ስም ያወጣንላት)። ድንች ይጭናሉ፣ በቆሎ ይጭናሉ፣ ከሁሉ በላይ ግን ከሰል። ከጥቂት ክረምቶች በፊት መኪናዋ ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ገባ ብላ ተቀረቀረች። ሌላ አይሱዙ ሊጎትታት ቆመ። ሰንሰለት ታሰረ። ጎታቹ ሹፌር ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ሰንሰለቱን አላላና ተንደርድሮ ሳበ። ሰንሰለቱ ከመሐል ተበጠሰ። ግማሹ ተወንጭፎ የጋቢናውን በር ቀዶ ገባ። ረዳቱ፣ ገና የ19 ዓመት ልጅ፣ ከዚያ በር አንድ ክንድ ያህል ርቆ ታኮ በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር።

«ተመስገን፣ በሩን ነው የበላው» አሉ አጎቴ ሲያወሩኝ። በሳምንቱ ምን ገዙ? ሌላ ሰንሰለት። ዘንድሮ ደግሞ ደወሉና «አንተ ልጅ፣ እዚያ አዲስ አበባ መኪና አፍንጫ ላይ የሚገጠም ዊንች የሚሉት ነገር አለ አሉ። እስቲ ዋጋ ጠይቅልኝ» አሉኝ። እኔም ታዛዥ የእህት ልጅ ነኝና ሶማሌ ተራ ወረድኩ።

«12 ሺህ ነው» አለ ሻጩ ሣጥኑን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ። 12 ሺህ ምን? «12 ሺህ! ሲኖ ራሱ ይስባል!» ጎበዝ፣ ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ኪሎ አይደለም፣ ፓውንድ ነው። 12 ሺህ ፓውንድ ማለት 5.4 ቶን ገደማ ነው። ከጎኑ የተደረደረው «9500» ደግሞ 4.3 ቶን። ይህም ጉልበት የሚገኘው ገመዱ ተፈትቶ መጠቅለያው ላይ የታችኛው ንብርብር ብቻ ሲቀር ነው። ገመዱ በላይ በላዩ በተጠቀለለ ቁጥር የመሳብ አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን ሻጩ አይነግርህም፤ አንተም አትጠይቀውም፤ ምክንያቱም ዓይንህ ያረፈው ቀዩ ቀለም ላይ ነው።

እስቲ አብረን እንደምር። በዓለም ላይ የተለመደው የዊንች አመራረጥ ደንብ የመሳብ አቅሙ መኪናው ከነጭነቱ ከሚመዝነው ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን ይላል። ኤንፒአር ከነጭነቷ እንደ ሞዴሏ 7 ቶን ተኩል ገደማ ትገባለች (በፋብሪካው ሐሳብ ነው ታዲያ። በእኛ አገር ልማድ ከዚያም አልፋ ስታቃስት እናያታለን)። ስለዚህ ከ11 ቶን በላይ የሚስብ ዊንች ያስፈልጋታል። ያ ደግሞ ሶማሌ ተራ በካርቶን ተጠቅልሎ የሚሸጠው ሳይሆን ክሬን መኪና ላይ የሚገኘው ዓይነት ነው። የአጎቴ ዊንች ክረምቱን ሙሉ ፓራውልት ላይ ተቀምጦ ዝገት ሊሰበስብ ነበር ማለት ነው።

እሺ፣ አቅሙስ ይገኝ እንበል። ዊንች ከምን ጋር ታስሮ ነው የሚስበው? ማሳው ዳር ያለው ዲከረንስ ከሆነ የአራት የአምስት ዓመት ቀጭን ግንድ ነው፣ ሰባት ቶን ቀርቶ የራሱን ጥላ የሚይዝ አይመስልም። ጨፌው ላይ ደግሞ ጭራሽ ዛፍ የለም። ጠርዝ ላይ የቆመው ባሕር ዛፍ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ልክ አንተ ካቦውን ስትጠመጥም ከቤቱ ይወጣል። የክረምት ሹፌር ሁሉ እንደሚያውቀው የገበሬ አጥር እየነቀሉ ጎማ ሥር መጎዝጎዝ የመንደር ጠብ መነሻ ነው፣ ደግሞም ገበሬው እውነት አለው።

ዊንች የሚያስፈልገው ሰው የለም እያልኩ አይደለም። አንድ ፒክአፕ ይዞ ጃዊ ቆላ ውስጥ ብቻውን የሚሠራ ሰው፣ ሌላ መኪና በቀን አንዴ እንኳ የማያይ፣ እሱ ይግዛ። የእሱ መኪና ከነጭነቱ 3 ቶን ገደማ ስለሆነ ቁጥሩም ይገጥምለታል። እኔ የምጣላው ጭቃን በጌጥ ለማሸነፍ ከሚያስበው ጋር ነው።

ለመሆኑ የአዊን መሬት ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሄደ ሰው ሁሉ ቡሬን አልፎ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምን፣ ዳንግላን በመስኮት አይቷል። (የድሮ ሰዎች እንጅባራን ኮሶበር ነው የሚሏት።) ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም ጭጋግ፣ ሁሉም ፎቶ ነው። አስፋልቱን ለቆ የገባ ግን ሌላ ነገር ያያል። የእንጅባራ አካባቢ በዓመት ከ2000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርድበታል፤ እያማረርን ጃንጥላ የምንገዛበት የአዲስ አበባ ዝናብ 1200 ቢሆን ነው። ከዚህ ዝናብ በታች ያለው መሬት ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ደጋው ላይ ያለው ቀይ አፈር ላዩ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ዝቅ ብለህ ስትቆፍር ግን ጠንካራ ነገር ታገኛለህ። የጃዊው ዋልካ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ጎማውን ይለብሰዋል፣ ጥርሱን ይደፍነዋል፣ በአምስት ደቂቃ አዲሱን ጎማ ከመላጣው ጎማ አንድ ያደርገዋል። «ከድጡ ወደ ማጡ» ያሉት አባቶች ሁለቱንም አስተውለው መሆን አለበት።

እናም መኪናው ወደዚህ የሚገባው ሽርሽር አምሮት አይደለም። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ ይተክላል፣ አራትና አምስት ዓመት ሲሞላው ይቆርጠዋል፣ እዚያው ማሳው ላይ ያከስለዋል። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ዛፉን በሽታ ቢመታውም ኑሮው የተሠራው በሱ ነው። ከከሰሉ ከፊሉን ሰውና አህያ ተሸክመው መንገድ ዳር ያደርሱታል። የቀረውን ሊያመጣ መኪናው ራሱ ይገባል። አዲስ አበባ ላይ ቡና ስናፈላ የምናራግበው ከሰል በዚያ ጭቃ የወጣ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ «መንግሥት መንገድ ይሥራ እንጂ ይሄ ሁሉ ጣጣ ምንድን ነው?» ይለኛል። ይሥራ! ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ተብሎ ቀበሌን ከቀበሌ ለማገናኘት ብዙ ተቆፍሯል። ግን መንገዱ ቀበሌው ጋ ያበቃል፣ ከሰሉ ያለው ከቀበሌው ወዲያ ነው። ያቺን የመጨረሻ ሁለት ኪሎ ሜትር አስፋልት የሚያደርግ መንግሥት በየትኛውም አገር አላየሁም።

ስለዚህ ወደ መሣሪያው እንመለስ፣ ከአካፋውም እንጀምር። መኪና ማጥ ውስጥ ሲገባ የሚይዘው ጎማው ብቻ አይደለም። ሆዱ ነው። ዲፈረንሲያሉ አፈሩ ላይ ይቀመጣል፣ ከጎማው ፊት የአፈር ግድግዳ ይቆማል፣ ጭቃው ከሥር እንደ ጡት ይጠባል። በዚህ ሁኔታ ያለን መኪና በገመድ መሳብ ግድግዳ በመኪና ማፍረስ ነው። ሩብ ሰዓት ተቆፍሮ ከጎማው ፊት ዳገቱ ቢላላ፣ ሆዱ ሥር ያለው ቢጠረግ፣ ግማሹ መኪና ማንም ሳይስበው ራሱ ይወጣል። ሁለት ወፍራም ጣውላ ደግሞ ከቤት ይዞ መውጣት ነው፤ አንዱ ለጎማ፣ አንዱ ለክሪክ። ክሪክ ጭቃ ላይ ብቻውን ሲቆም መኪናውን አያነሳም፣ ራሱ ይቀበራል። ይህን ሁሉም ረዳት ያውቃል፣ ጣውላ የሚገዛለት ባለንብረት ግን ስንቱ ነው? ለፒክአፕ የጎማ ነፋስ መቀነስም ትልቅ መድኃኒት ነው፣ መልሶ የሚነፋ ኮምፕሬሰር ካለ። ለተጫነ አይሱዙ ግን አይሞከር፤ ጥንዱ የኋላ ጎማ ከነጭነቱ ነፋስ ሲጎድለው የሚያተርፈው ጎሚስታው ብቻ ነው። ለሱ የጎማ ሰንሰለት ይሻለዋል።

ቀጥሎ የማልወደድበትን ልናገር፦ ጭነቱን አውርዱ! 50 ኩንታል ድንች 5 ቶን ነው። ኤንፒአር ባዶዋን 3 ቶን ገደማ ናት። ከ8 ቶን ወደ 3 ቶን የሚያወርድ ዊንች፣ ገመድ፣ ሰሌዳ በዓለም ላይ አልተሠራም፤ ጫኝና አውራጅ ግን አለ። ታዲያ ለምን አይወርድም? ለማውረድ ይከፈላል፣ መልሶ ለመጫን ይከፈላል፣ ነጋዴው «ድንቼ ጭቃ ነካው» ይላል። ልጁን ከመኪና ሥር ለማስገባት ግን አይከፈልም። ሒሳቡ ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ረዳቱ ከሁሉም የመጎተቻ ዕቃ ርካሽ ሆኖ ስለተገኘ ነው እሱን የምንጠቀመው።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ። እስቲ ትምህርት ቤት የተማርነው ፊዚክስ አንድ ቀን እንኳ ይጥቀመን። 3 ቶን የሚመዝን መኪና በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየሄደ ገመዱ ሲወጠርበት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም ማያያዣው ላይ የሚያርፈው ኃይል በአማካይ ወደ 12 ቶን ይደርሳል። ያው መኪና በዚያው ፍጥነት ገመዱ እየተለጠጠለት በ1.5 ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን ኃይሉ አንድ ቶን አይሞላም። ሰንሰለት አይለጠጥም። ካቦም እምብዛም አይለጠጥም። ተንደርድሮ መሳብ የሚቻለው ለዚሁ ተብሎ በተሠራ የናይሎን መጎተቻ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ መርካቶ «የመኪና መሳቢያ» ተብሎ የሚሸጠው ጠፍጣፋ ገመድ ሁሉ ናይሎን አይደለም። ጭነት ማሰሪያው ፖሊስተር ነው፤ ጭነት እንዳይነቃነቅ ነው የተሠራው፣ ስለዚህ ባይለጠጥ ነው ሙያው። ሁለቱ በመልክ መንትያ ናቸው፤ በሥራ ግን አይተዋወቁም።

አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ዲከረንስ አገሩ አውስትራሊያ ነው። የአውስትራሊያ ሕግ የመኪና መጎተቻ ገመድ የሚሸጥ ሰው ገመዱ ስንት ቶን ላይ እንደሚበጠስ ገመዱ ላይ እንዲጽፍ ያስገድደዋል፤ ማስጠንቀቂያም አብሮ ይጻፋል። የመበጠሻው ልክ ከሁለቱ መኪኖች ከቀለለው ከነጭነቱ ካለው ክብደት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሁን ይላል። መኪናው ውስጥ ያልተቀመጠ ሰው ደግሞ ከገመዱ ርዝመት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይራቅ ይላል። ለዘጠኝ ሜትር ገመድ 13 ሜትር ተኩል ማለት ነው። ዛፋቸውን ተቀብለን ተከልን፣ አከሰልን፣ ቡና አፈላንበት። ደንባቸውን ግን ማንም ከመርከብ ላይ አላወረደልንም። እኛ ጋ መኪና ሲጎተት ገመዱ አጠገብ የማይቆም ማን ነው? ሕፃናቱ ሳይቀሩ ሠርግ እንደሚያይ ሰው ተሰልፈው ያያሉ። ጎጃም በወንፈል የማይወጣ ሥራ የለም፤ መግፋቱንም ይግፋ፣ እሰየው። ገመዱ ከተወጠረ በኋላ ግን ወንፈሉ ወደ ዳገቱ ይውጣ።

ገመድ ከምን ጋር እንደሚታሰርም የሚጠይቅ የለም። ፓራውልት ጋር ይታሰራል፣ ባሌስትራ ጋር ይታሰራል፣ ከሁሉ የባሰው ደግሞ ተጎታች ጋሪ የሚያያዝበት ክብ የብረት ኳስ ጋር ይታሰራል። ያቺ ኳስ ከተሰበረች ጥይት ናት። በውጭ አገር ሰው ገድላለች። የብዙ ፒክአፕ የፊት ቀለበት እንኳ የተሠራው መኪናው በመርከብ ሲመጣ ወለሉ ላይ እንዲታሰርበት እንጂ ጭቃ ውስጥ እንዲጎተትበት አይደለም። ሻሲው ላይ በወፍራም ቡሎን የታሰረ መጎተቻ መንጠቆ ከሌለ በጋራዥ ማስገጠም ነው። ማያያዣው ሻክል ላይ የሥራ ጭነቱ ልክ ተቀርጾ ይመጣል፤ 19 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ ሻክል «4.75» ቶን ይላል። ምንም ያልተጻፈበት ከሆነ ብረት ነው እንጂ ሻክል አይደለም፣ ለምናለሽ ተራ ይመለስ።

«ድሆች ነን፣ ይሄ ሁሉ ከየት ይመጣል?» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። እኔም ፈርቼ ነበር የደመርኩት። ባለ 8 ቶን የናይሎን መጎተቻ (ጭነቷን ለምታወርድ አይሱዙ ማለቴ ነው፣ ለማታወርድማ ወደ 20 ቶን ሊጠጋ ነው)፣ ሁለት ሻክል፣ ሁለት ጣውላ፣ እጀታው የረዘመ አካፋ፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት ለረዳቱ። ሁሉም ተደምሮ የዊንቹን ዋጋ ሩብ አልሞላም። ደግሞስ ይህ ችሮታ ነው እንዴ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነት የሚጠብቅበትን መሣሪያ እንዲያቀርብ ግዴታ ይጥልበታል። ረዳት ግን በብዙው ውል የለው፣ ደመወዙ በጉዞ ነው፣ ሲጎዳም ነገሩ በሽምግልና ያልቃል። እዚህ ላይ የሠራተኛ ማኅበርም የጋዜጣ ጽሑፍም የለውም።

ይህን ስል «ገጠሬው ስለ ዕቃ አይገባውም» የሚል ከተሜ እንዳይሰማኝ። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ሂዱና የአገው ፈረሰኞችን እዩ። ያ ሰው ኮርቻውን ሳይፈትሽ ይወጣል? የላላ ልጓም ይዞ ይጋልባል? ቆዳው የሳሳ እርካብ ላይ እግሩን ያኖራል? ከስንት አንዱ! በሰንሰለቱ ላይ ያየሁት ቸልተኝነት ከአዊ የመነጨ ሳይሆን የመኪናው ባለቤት ሌላ፣ ከጎኑ የሚቆመው ሌላ ከመሆኑ የመጣ ነው። ፈረሰኛው የሚፈትሸው ራሱ የሚወድቅበትን ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ግጭት ውስጥ ሹፌሮችና ረዳቶች በየመንገዱ የታገቱበትና የተገደሉበት ጊዜ አይተናል። ስለዚህ «ጭቃው እስኪጠፈጥፍ እዚያው ይደር» የሚባለው የድሮ መፍትሔ አሁን እንደ ድሮው ቀላል ቃል አይደለም። ከመምሸቱ በፊት በራሱ አካፋና ጣውላ የሚወጣና ሌላ መኪና እስኪያልፍ የሚጠብቅ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሌሊት አያድሩም።

ለአጎቴ ዊንቹን አልገዛሁም። ከላይ የዘረዘርኳቸውን በአውቶቡስ ጭኜ ላክሁላቸው። በሦስተኛው ቀን ደወሉ።

«ገመዱም ብረቱም ደረሰኝ፣ ተባረክ። ግን አንተ ልጅ፣ አካፋ ከአዲስ አበባ ይላካል እንዴ? ዳንግላ ሞልቶ የለም?»

«ሞልቷል ጋሼ። ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልገዙም?»

ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው መሰለኝ።